ያቺ ጉርሻ! ሥጋ ይዛችሁ ለሽርሽር ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እዚህ አምድ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናትና ስለ ትዳር ብዙ አውግተናል። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ስለ ሥጋ ነው። አዎ፣ ስለ ሥጋ! «ደግሞ ስለ ሥጋ ምን ይወራል? ገዝቶ መብላት ነው እንጂ!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው፤ አንዲት ጓደኛዬን በገዛ እጄ አጉርሼ ሆስፒታል እስካስተኛኋት ድረስ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። የምነግራችሁ በእኔና በጓደኞቼ ላይ የደረሰውን፣ ከዚያም ወዲያ «ለምን?» ብዬ ጠይቄና አንብቤ የደረስኩበትን ነው። የጓደኞቼን ስም አልጠራም። እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

አራት ኪሎ፣ ከነሻኛው!

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረ ቅዳሜ ነው። ያን ዓመት መስከረም ላይ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦት ስለነበር ዲላ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። እኛም የዲላ ልጆች ሆነን የሰው ፊት የተቀረጸባቸውን የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች በዓይናችን አለማየታችን አሳፈረን። «ሰው ከባሕር ማዶ እየመጣ ሊያያቸው እኛ እዚሁ ተቀምጠን!» ተባባልን። ስምንት ሆነን ገንዘብ አዋጣን። ይርጋጨፌ አቅጣጫ የአንዱ ጓደኛችን አጎት ቡናና እንሰት ያለበት ሰፊ ጓሮ አላቸው። ቀን ድንጋዮቹን አይተን፣ ማታ እሳቸው ጓሮ ድንኳን ተክለን፣ እሳት አንድደን፣ ሥጋ ጠብሰን ልናድር ተስማማን።

ሥጋ የመግዛቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ጠዋት 1:30 ላይ ልኳንዳ ቤት ደርሼ አራት ኪሎ፣ ከሽንጡም ከሻኛውም አስመዘንኩ። ግማሹን ለጥብስ እዚያው አስከተፍኩት። ግማሹን ለጥሬ ተውኩት። ፌስታል ውስጥ ከተትኩትና እየፎከርኩ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ቀጠሯችን 2 ሰዓት ነበር። የሐበሻ ቀጠሮ ታውቁታላችሁ። አንዱ ፀጉሩን ሲቆረጥ፣ አንዷ ልብስ ስትቀይር ሚኒባሷ የተንቀሳቀሰችው 4 ሰዓት ላይ ነው። ሥጋው በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቦርሳዎች ሥር፣ ሞተሩ በሚያሞቀው ወለል ላይ ተኝቷል። ወናጎ ላይ ወርደን ቡና ጠጣን። ፎቶ ተነሳን። ሳቅን። እነ አጎቱ ቤት የደረስነው 6:30 ላይ ነው።

ከስምንታችን አንዱ ሙስሊም ነው። እኛ የገዛነውን ሥጋ ስለማይበላ እናቱ ክዳን ባለው ምሳ ዕቃ ቋንጣና ድርቆሽ ቋጥረውለት መጥቷል። እኛስ? መንገዱን በሙሉ ሳቅንበት! «አንተ ልጅ፣ ዘመቻ ነው እንዴ የምትሄደው? እኛ ትኩስ ሥጋ ይዘን አንተ ደረቅ ታኝካለህ?» እያልን አላገጥንበት። እሱ ዝም ብሎ ይስቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማን ይናገር?

የአጎትዬው ባለቤት ፌስታሉን ሲቀበሉኝ ከፍተው አዩና «ልጄ፣ መቼ የታረደ ነው?» አሉኝ። «ዛሬ የገዛሁት ነው እማማ» አልኩ። «እሳቱ ተያይዟል፣ አሁኑኑ ላብስላችሁ?» አሉ። እኛ ግን ለማታ እሳት አንድደን ዘፍነን ልንበላው ነው ያቀድነው። «አይ፣ ማታ ነው የምንጠብሰው» ብለን እምቢ አልናቸው። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያን ቀን ከነበርነው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

7 ሰዓት ላይ ጥሬውን አወጣሁት። እውነቱን ልናገር። ፌስታሉን ስከፍት ሥጋው ላብ ላብ ብሎታል። እጄ ላይ ሙልጭልጭ አለኝ። ሽታው መጥፎ አልነበረም፤ ግን የጠዋቱ ሽታም አልነበረም። በልቤ «ይሄ ነገር…» አልኩ። ወዲያው ደግሞ የሰው ገንዘብ ትዝ አለኝ። ስምንት ሰው አዋጥቶ፣ እኔ ኃላፊ ሆኜ ገዝቼ፣ «ይጣል» ልበል? ምን ይሉኛል? «አጭበርብሮ የቆየ ሥጋ ገዝቶ መጣ» ቢሉኝስ? ዝም አልኩ። በኋላ ስንነጋገር ከመሃላችን ሌሎች ሁለቱም ጠርጥረው ነበር። እነሱም ዝም አሉ። እነሱን ደግሞ «ገዝቶ የመጣውን ልጅ እንዳናሳፍረው» የሚል ይሉኝታ ያዛቸው። አያችሁ? ሦስት ሰው ያውቃል፣ ሦስቱም ዝም!

ከመካከላችን አንዷ በቅርቡ ያገባች ናት። ጥሬ ሥጋው ሲቀርብ እጇን አልዘረጋችም። «ምነው? ኮራሽ እንዴ?» አልኳት። «ጠግቤያለሁ» አለች። እኔ ማን ነኝና እቀበላለሁ! ሻኛውን ቆርጬ፣ አዋዜ ነክሬ፣ «በሞቴ! ጉርሻ እምቢ አይባልም!» ብዬ ወደ አፏ ዘረጋሁ። ባሏን አየችው። እሱም አየኝ። ጎረሰች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን ደገምኩላት።

የቀረውን ሥጋ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጠበስነው። ጥሬ በቆረጥንበት ቢላዋና ሰሌዳ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያውን ከተፍን። ርቦናል፣ ጨልሟል፣ ውስጡ ይብሰል አይብሰል በባትሪ ብርሃን ማን ያያል? «ለብ ለብ ይበቃዋል!» ተብሎ ተበላ።

እኩለ ሌሊት

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ የመጀመሪያው ሰው ከድንኳን ሮጦ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ እኔ። ሥጋውን ከበላነው ከሰባታችን አምስታችን ወደቅን። ያቺ ያጎረስኳት ልጅ ግን ከሁላችንም ባሰባት። ከላይም ከታችም አላቆመላትም። 8 ሰዓት ሲሆን ለመቆም አልቻለችም፤ ከንፈሯ ደርቆ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። ባሏ እቅፍ አድርጓት ያለቅሳል። «ምን ሆነሃል? ተቅማጥ እኮ ነው» ስለው «አንተ አታውቅም! ነፍሰ ጡር ናት! ሦስት ወሯ ነው!» አለኝ።

እስካሁን ለማንም አልነገሩም ነበር። «ጠግቤያለሁ» ያለችው ለዚህ ነው። ጉርሻውን ብትገፋ «ለምን?» ተብሎ ምስጢሩ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ለይሉኝታ ስትል ጎረሰች። ያጎረስኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

እግሩ የሚንቀሳቀስ ሰው ማን ነበር መሰላችሁ? ቋንጣ የበላው ልጅ! ያ የሳቅንበት! ከአጎትዬው ጋር በጨለማ እስከ ዋናው አስፋልት ሮጠ። የቡና ጭነት አይሱዙ አስቁሞ፣ ሹፌሩን ለምኖ፣ ልጅቷን ጋቢና አስገብቶ ሆስፒታል አደረሳት። ሁለት ቀን ጉሉኮስ ተተክሎላት ተኛች። ተረፈች። ፅንሱም ተረፈ። እኔ ግን እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አንድዬ ነው የሚያውቀው።

የሥጋ ሰዓት

ያከማት ሐኪም «ሥጋው ሸትቶ ነበር?» ብሎ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ስንት ሰዓት ቆየ?» ብሎ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ከ1:30 ጠዋት እስከ 7 ሰዓት ቀን፣ አምስት ሰዓት ተኩል። እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ይህ እኔ ከገዛሁት ጊዜ ጀምሮ ብቻ ነው፤ የታረደበትና ልኳንዳ የተሰቀለበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

እንግዲህ ዛሬ ከእኔ አንዲት ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህቺን ያዙ፦ ሥጋን በአፍንጫችሁ አትመኑት፤ በሰዓት ቁጠሩት። ሥጋ እንዲሸት የሚያደርጉት ተሕዋስያንና ሰውን የሚያሳምሙት ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ምንም ሳይሸት የሚያጋድም ሥጋ አለ። እኔ ፌስታሉ ላይ አፍንጫዬን ደፍቼ የፈለግሁት ነገር እዚያ አልነበረም።

ሒሳቡን እንሥራው። ባክቴሪያ ሙቀትና እርጥበት ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ሊሆን ይችላል። አንዷ በአንድ ሰዓት 8 ትሆናለች። በሁለት ሰዓት 64፣ በአራት ሰዓት 4 ሺህ 96። በስድስት ሰዓት ደግሞ ከ262 ሺህ በላይ! ከአንድ ብቻ ተነስታ! ሥጋ ላይ ሲጀመርም አንድ ብቻዋን አትገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ቀላል ነው። ምግብ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ፣ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይጋል። በመካከሉ ያለው የባክቴሪያ ሰርግ ቤት ነው። ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደግሞ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ብቻ ይላል። የቆመች ሚኒባስ ወለል ከ32 ዲግሪ በላይ መሆኑን ለእናንተ መንገር የለብኝም።

«ታዲያ ልኳንዳ ቤት ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ ይውል የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። የተሰቀለ ትልቅ ብልት ነፋስ ይመታዋል፤ ላዩ ይደርቃል፤ ተሕዋስያኑም በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው ያሉት። ሲከተፍ ግን ላዩ ይበዛል። ቢላዋውም፣ እጁም፣ ሰሌዳውም የየራሱን ያዋጣል። በፌስታል ሲታሰር ደግሞ ላቡ መውጫ ያጣል። እኔ ያደረግሁት እንግዲህ ሥጋውን ከትፎ፣ አልቦና አሙቆ ለባክቴሪያ ማቅረብ ነው። የተፈጨ ሥጋማ ከሁሉ ይብሳል፤ የላዩ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ክትፎ ያማራችሁ ቤታችሁ በልታችሁ ውጡ።

«ቡሌ ደጋው ላይ ብንሄድስ? እዚያ ይበርዳል» የሚል ደግሞ አለ። የቡሌ ብርድ ለሰው ብርድ ነው እንጂ ለሥጋ ብርድ አይደለም። ጋቢ ያስለብሳል፤ ቀን ላይ ግን ፍሪጅ አይሆንም።

ሚጥሚጣና አረቄ አያድኑም

ወሬ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚለኝ ነገር አለ። «አረቄ አልጠጣችሁበትም ነበር? አረቄ እኮ ይገድለዋል!» አዎ፣ ጠጥተንበታል! አልገደለውም። አረቄው ሆድ ውስጥ ሲገባ ከምግቡና ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ይሳሳል። ጀርም የሚገድል ኃይል አይቀረውም፤ እንዲያውም ሰውነት ውሃ እንዲያጣ ያግዛል። ሚጥሚጣና አዋዜም ምላስ ያቃጥላሉ እንጂ ባክቴሪያውን አያቃጥሉም። ሎሚም እንዲሁ።

ሌላው ስህተት «መልሰን በደንብ እናሙቀው» ማለት ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ ሥጋው ላይ ሲራባ መርዝ ይተዋል። እሳቱ ባክቴሪያውን ቢገድለውም መርዙ ሙቀት ችሎ ይቀራል። ሰዓቱ ያለፈበትን ሥጋ እሳት አይመልሰውም።

ጥሬ ሥጋ ደግሞ ትኩስ ቢሆንም የራሱ ጣጣ አለው። ኮሶ የሚመጣው ከበሬ ሥጋ ውስጥ ነው። ትሉ ጡንቻው ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር በደንብ ካልበሰለ ወይም ለቀናት ጠንክሮ በረዶ ካልሆነ አይሞትም። ነፍሰ ጡር ሴት ከጥሬና ከለብ ለብ ሥጋ የምትይዘው፣ ወደ ፅንሱም የሚያልፍ በሽታ አለ። ስለዚህ አንዲት ሴት ጥሬ ሥጋ «አልፈልግም» ካለች፣ እባካችሁ፣ «ለምን?» አትበሏት። አታጉርሷት።

ታዲያ እንዴት እንያዘው?

ሽርሽር ይቅር እያልኩ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቀድማችሁ አዘጋጁ ነው የምለው።

አንደኛ፣ ሥጋውን ያለ ማኅተም አትግዙ። ቄራ የተመረመረ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ገጠር ደርሳችሁ በግ ገዝታችሁ የምታርዱ ከሆነ ጤነኛውን፣ ቆሞ የሚሄደውን ምረጡ። የታመመ ወይም ሞቶ የተገኘ ከብት በርካሽ ቢቀርብላችሁም አትንኩት፤ አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ የሚመጣው እንዲህ ካለው ነው። ያረዳችሁትን ደግሞ ወዲያው አብስላችሁ ብሉ። አባቶቻችን ለዘመቻ ሲወጡ ከብቱን እየነዱ የሚሄዱት ወደው አልነበረም፤ የማይበላሽ ሥጋ በእግሩ የሚሄደው ነው!

ሁለተኛ፣ ከዲላ ሥጋ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አቀዝቅዙት። ሐሙስ ወይም ዓርብ ገዝታችሁ ስስ ስስ አድርጋችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስተኙት። የሃይላንድ ጠርሙሶችን ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ውሃ ሞልታችሁ አብራችሁ አቀዝቅዙ (ጢም ካደረጋችሁት ይፈነዳል)። ማለዳ አይስ ቦክሱ ውስጥ ሥጋውን ከታች፣ የበረዶ ጠርሙሶቹን ከጎንና ከላይ አድርጉ፤ ቅዝቃዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ባዶ ቦታ አትተዉ። ለስላሳና ቢራ እዚያ ውስጥ አትክተቱ፤ በየአምስት ደቂቃው ክዳኑ ይከፈታልና። አይስ ቦክስ የሌለው ካርቶን ውስጥ ወፍራም ጋዜጣ ደራርቦ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ለአጭር መንገድ መጠቀም ይችላል። ይህቺን ጋዜጣም ቢሆን አንብባችሁ ስትጨርሱ አልቀየምም! ብቻ ቀለሙ ሥጋውን እንዳይነካ። እዚያ ስትደርሱ በረዶው ገና ጠንካራ ከሆነና ሥጋው ሲነካ እጅ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ደህና ነው። በረዶው ከቀለጠ ሁለት ሰዓቱ መቆጠር ጀምሯል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መብራት! ማታ ጠፍቶ ሌሊት ከመጣ ማን ያውቃል? መላ አለው። አንድ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙና ላዩ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጡ። ጠዋት ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም። ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት ግን ሳታዩት ቀልጦ እንደገና ረግቷል። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጁ ግን ከ4 ሰዓት በላይ አያስተማምንም።

አራተኛ፣ ሁለት ቢላዋና ሁለት ሰሌዳ ያዙ። አንዱ ለጥሬ ሥጋ፣ ሌላው ለሽንኩርት፣ ለቃሪያና ለዳቦ። ጥሬው የነበረበት ሰሃን ላይ የበሰለውን አትመልሱ። እንደኛ ሙስሊምና ክርስቲያን አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የየራሱን ሥጋ በየራሱ ዕቃ፣ ቢላዋና መጥበሻ አድርጉ። ይህ የጓደኛን እምነት ማክበር ነው፤ ለጤናም ይጠቅማል።

አምስተኛ፣ አብስሉት! የመሃሉ ሙቀት 70 ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚተማመኑበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ትልቁን ቁራጭ ቁረጡና በብርሃን እዩት። ውስጡ ቀይ ካለ፣ የሚወጣው ውሃም ደም ከመሰለ መልሱት። አንድ ነገር ልጨምር። ደጋ በወጣችሁ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ዲላ ላይ 95 ዲግሪ አካባቢ፣ ቡሌ ደጋው ላይ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ቅቅል ስትሠሩ «ፈልቷል» ብላችሁ ቶሎ አታውጡ፤ ቆየት ይበል።

ስድስተኛ፣ «ቤት አብስለን ብንወስድስ?» ይቻላል፤ የበሰለም ግን ሰዓት አለው። ትኩስ ወጥ ድስት ሙሉ ክዳን ገጥሞ ለስድስት ሰዓት መያዝ ባክቴሪያን ማሞቅ ነው። ወይ ቀድማችሁ በስስ ዕቃ አቀዝቅዛችሁ በበረዶ ያዙት፣ ወይ የፈላ ውሃ ተጨምሮበት በጋለ ፔርሙስ ውስጥ እየፋጀ ክተቱትና ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ብሉት።

የጓደኛችን እናት ቋንጣ

ከዳንን በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ቋንጣ የበላ ጓደኛዬን ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ሁለተኛው እናቱ ዘንድ ሄጄ መማር። እሳቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ መንገደኛ ትኩስ ሥጋ ይዞ ይሄዳል እንዴ? ሥጋን የሚያበላሸው ውሃው ነው። ውሃውን ካስወጣህለት ወር ይከርምልሃል» አሉኝ።

አሠራራቸው ይህ ነው። ስብ የሌለበት ቀይ ሥጋ ይመረጣል፤ ስቡ ይቆመጥጣልና። በስሱ፣ በረጅሙ ይዘለዘላል። በጨው፣ በበርበሬና በቁንዶ በርበሬ ይታሻል። እርስ በርሱ ሳይነካካ ገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ። ከሥር ትንሽ ጭስ ቢኖር ዝንብ አይጠጋውም። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። እዚህ ላይ የዲላ ሰው ልብ ይበል! አገራችን ዝናም አታጣም። «በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ነው የምሰቅለው» አሉኝ፤ «በዝናሙ ወቅት ከሰቀልከው ይሻግታል። የሻገተውን ቆርጬ ልብላ እንዳትል፤ ዝንብና ውሃ የነካው ቋንጣ ቋንጣ አይደለም።» ደርቆም ቢሆን አብስላችሁ ብሉት። ድርቀት ባክቴሪያውን እንዳይራባ ያደርገዋል እንጂ ሁሉንም አይገድለውም። ውሃ፣ ቅመም፣ ቅቤና ድርቆሽ ካለ እሳት ዳር የቋንጣ ፍርፍር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከአጎትዬው ቤት ቆጮ ከተጨመረበት ደግሞ ማን ጥብስ ያምረዋል!

ቋንጣ የማይሆንለት ሰው ሰርዲንና ቱና አለለት። የቆርቆሮ ምግብ አባት የሚባለው ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ ነው። የናፖሊዮን ጦር ስንቁ እየተበላሸ ስላስቸገረ ምግብን በጠርሙስ አሽጎ የማፍላትን ዘዴ አገኘ። በ1810 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ 12 ሺህ ፍራንክ ሸለመው። የእሱም የጓደኛችን እናትም ሐሳብ አንድ ነው፤ ባክቴሪያው የሚኖርበትን ነገር መንሳት። ብቻ ያበጠ ወይም የተላጠ ቆርቆሮ አትግዙ፤ የከፈታችሁትን ደግሞ ለነገ አታሳድሩ።

ከታመማችሁስ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቦርሳችሁ ውስጥ የኦ አር ኤስ ፓኬት ይኑር። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከበረታ፣ የጠጡት ሁሉ ከተመለሰ፣ ሽንት ከቆመ፣ ወይም የታመመው ሰው ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ከሆነ «እስኪነጋ እንየው» አትበሉ። እኛ «እስኪነጋ» ብንል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

የመጨረሻው ቃል ግን ስለ በረዶም ስለ ቋንጣም አይደለም። ስለ አፋችን ነው። በዚያ ቀን አይስ ቦክስ ባይኖረንም አፍ ነበረን። «ወገኖቼ፣ ይህ ሥጋ ሰዓቱ አልፏል፣ እንጣለው፣ ገንዘቡ በእኔ ይሁን» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሁላችንም ይሉኝታ ይዞን ለአራት ኪሎ ሥጋ ስንል ሁለት ነፍስ ልናጣ ነበር። ለሽርሽር ስትወጡ ከመካከላችሁ አንዱን «የሥጋ ዳኛ» አድርጉት። ሰዓት ይያዝ። «ይጣል» ካለ ይጣላል፤ ማንም አይቀየመው።

ያቺ ልጅ ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷ ዛሬ ድክ ድክ ትላለች። በቀደም ቤታቸው ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ጥብስ ቀረበ። እንደ ልማዴ ጠቅልዬ ወደ እናትየዋ ብዘረጋ እጄን በአየር ላይ አስቀረችው።

«ቆይ!» አለችኝ እየሳቀች። «ስንት ሰዓቱ ነው?»

«ከእሳት የወረደው አሁን ነው» አልኳት።

ጎረሰች።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!